የሐጂን አውሮፕላን ማን አቆየው?

«ዘበኛ ናት» የሚለውን ሩፈይዳ የሰማችው ፊቷን ታጥባ ቧንቧውን ስትዘጋ ነው። አዳዳ ረይሃና፣ የአባቷ እህት፣ ግቢው በር ላይ ቆመው ለጎረቤታቸው ለእትዬ ብርሃንነሽ የወንድማቸውን ልጅ ሥራ እያስረዱ ነበር። ተራ ዘበኛ አለመሆኗን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከፍ ያለ የመስታወት ቤት ተሠርቶላት እዚያ ላይ ሆና የምትጠብቅ፣ ደመወዟም ደህና የሆነ ዘበኛ መሆኗን ነው የሚያስረዱት። እትዬ ብርሃንነሽ ሌባ ቢታያት ከዚያ ሁሉ ፎቅ እንዴት ወርዳ እንደምትደርስበት ጠየቁ። ሥራው ዘበኝነት ቢሆን ኖሮ ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበር። ሩፈይዳ ፎጣውን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ውስጥ አለፈች። አራት ዓመት ሙሉ አስረድታለች። በመጀመሪያው ዓመት የአውሮፕላን አስተናጋጅ ናት ተባለች፤ በሁለተኛው ባንዲራ የምታውለበልብ፤ በሦስተኛው አዳዳ ለሰርግ ቤት ሴቶች «አውሮፕላኑን እሷ ናት የምትነዳው፣ በሪሞት» ብለው ነግረው አንዲት እናት ልጇን ለትዳር አስባላት ነበር። ዘንድሮ ዘበኛ ሆነች። ሲታሰብ ወደ እውነቱ መቅረብ ነው።

ቤቱ ጅማ ውስጥ ሒርማታ ገበያ ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ፊተኛው ክፍል ዙሪያውን ቀይ መጅሊስ ተነጥፎበታል፤ ግድግዳው ላይ የካዕባ ሥዕል፣ ከሥሩ ሰዓት፣ ከሰዓቱ ሥር ደግሞ የአዳዳ ታላቅ ወንድም የሐጂ መሐሙድ ፎቶ አለ። ሐጂ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሸቤ ላይ ቡና አላቸው፤ የሩፈይዳ አባት ሲሞት እሷን ትምህርት ቤት ያቆዩዋት እሳቸው ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ የግራው ከነጭራሹ አያይም። አምስት ወር የተጠበቀው የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት አዲስ አበባ ነው፤ ያ ካለፈ ቀጣዩ ወረፋ ከሰኔ በኋላ ነው ተብለዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚበሩት በአራት ሰዓቱ አውሮፕላን ነው። መንገዱ በመኪና ቀኑን ሙሉ ስለሚፈጅና ወገባቸው ስለማይችለው ቲኬቱን ልጃቸው ፋሂም ቆርጦላቸዋል፤ ፋሂም እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ የሞባይል ሱቅ ያለው፣ አፉ ከእጁ የሚቀድም ሰው ነው። አዳዳ ሻዩን እየቀዱ ለወንድማቸው ከፊተኛው ወንበር እንድታስቀምጥላቸው ሩፈይዳን አዘዟት። ወንበር የእሷ ሥራ እንዳልሆነ ተናገረች። «ታዲያ ምኑ ነው ያንቺ ሥራ?» አሉና መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ጓዳ ገቡ።

ስልኩ የተደወለው አውሮፕላን ማረፊያው የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ ሥር ስትደርስ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ፋሂም ነበር።

«ሩፊ፣ አቦ፣ አባዬ ገና ሸቤ ናቸው። ሰማዩ ጠቆረ ብለው የተሰጣውን ቡና ፕላስቲክ ካላለበስኩ አልሄድም አሉ። አሁን ደግሞ ሚኒባሱ ሁለት ሰው ይጎድለዋል። እንደምንም ያዝ አድርጊልን።»

«ምኑን?»

«አውሮፕላኑን ነዋ።»

ሩፈይዳ በእሱ አልፈረደችም። ፋሂም ባደገበት አገር መኪና ሰው ይጠብቃል። ሚኒባስ እስኪሞላ ይቆማል፤ የሰኮሩ አውቶቡስ የረዳቱ አክስት ጫማዋን እስክትቀይር ይቆማል፤ ሹፌሩ ዘመድህ ከሆነ ቤትህ በር ላይ ጥሩንባ ይነፋልሃል። አውሮፕላን የሚባለው ክንፍ ያለው አውቶቡስ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እሷ የምታስቆመው አደጋ ሲመጣ ብቻ እንደሆነ፣ የሐጂ መዘግየት ደግሞ አደጋ እንዳልሆነ ነገረችው። «አደጋ ያልሆነው ላንቺ ነው» አላትና ዘጋ። ስልኳን አጥፍታ ከታችኛው ክፍል መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ማማው ላይ ስልክ ይዞ መውጣት ክልክል ነው።

ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። ላይ ሲደርሱ ጅማ እንደ ትሪ ትዘረጋለች፦ ቆርቆሮው፣ ባሕር ዛፉ፣ ከወዲያ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ከሁሉ በስተጀርባ አረንጓዴው ተራራ። ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ የአገሩን፣ ሌላው ዓለም ሁሉ አውሮፕላን የሚያበርበትን። በዚያኛው አሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ገና ከንጋቱ አምስት ሰዓት ነው። የሥራ ባልደረባዋ ዮኤል የሌሊቱን ማስታወሻ አስረከባትና ከሌላ ማማ ጋር የሚያገናኘው ስልክ አጠገብ ተቀመጠ። ሩፈይዳ ማዳመጫውን አጠለቀች። ሥራው ከውጭ ሲታይ ከሥራ ፈት ጋር ይመሳሰላል፤ አንዲት ሴት መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ደጁን ታያለች። የምትናገረው በደቂቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ነገር ግን የምትናገረው እያንዳንዱ ቃል ይቀዳል፤ የነገረችውንም አብራሪው ቃል በቃል ደግሞ እስኪመልስላት ድረስ እንደተነገረ አይቆጠርም። ይህን ልማድ አንድ ጊዜ ቤት ይዛ ገብታ አዳዳን የገበያውን ዝርዝር እስቲ ይድገሙልኝ ብላቸው ሦስት ቀን አኩርፈዋታል።

ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ የእሳት አደጋ መኪናው ማኮብኮቢያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነድቶ ንጹሕ መሆኑን ነገራት። ከአዲስ አበባ የተነሳው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ድምፁን አሰማ። ነፋሱን ነገረችው፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ነገረችው፣ ደገመላት። ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስድስት ላይ በተራራው ጎን መብራቱ ታየ። ማረፍ ትችላለህ አለችው። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ሥራዋ ያለቀ ይመስለዋል። እሷ ግን አቅራቢ መነጽሩን አንስታ ማኮብኮቢያውን እንደገና ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው፤ ማንም አላዘዛትም፣ ካረፈ በኋላ ግን የሚታየው ነገር ሁሉ ለጸጸት ብቻ እንደሚሆን ታውቃለች። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከረዣዥሙ ሣር ውስጥ፣ አንድ ቡናማ ነገር ወጣ። ላም። ከኋላዋ ጥጃ። ትናንት ዝናቡ የጣለውን አጥር አግኝተው በዝግታ፣ ርስታቸው እንደሆነ ሁሉ፣ ወደ አስፋልቱ መሃል ገቡ።

«አትረፍ፣ ተመለስ ወደ ላይ» የሚለውን በእንግሊዝኛ በሦስት ቃል ተናገረችው፤ ድምፅዋ ከወትሮው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አብራሪው ደገመው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ በማማው ፊት ለፊት እየጮኸ አለፈና ወደ ደመናው ገባ። መንገደኞች አዳራሽ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያየው ይህንኑ ነው፤ ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን ጥሏቸው ሲሄድ። ላሟን ግን ከአዳራሹ ማንም አላየም።

ላሟና ጥጃዋ በስምንት ደቂቃ ተባረሩ። በእነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ግን ከተራራው ላይ ሲያንዣብብ የነበረው ደመና እንደ ጋቢ ወርዶ ማኮብኮቢያውን አለበሰው። የእይታ ምልክቶቻቸው አንድ በአንድ ጠፉ፤ መጀመሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የመስጊዱ ሚናራ፣ ቀጥሎ ባለ ቀይ ጣሪያው የቡና መጋዘን፣ በመጨረሻ በር አጠገብ ያለችው ዋርካ። ምን ያህል እንደሚታይ መንገር የእሷ ነው፤ መውረድ አለመውረዱን የሚወስነው አብራሪው ነው። አብራሪው ሚናራው እስኪታይ ላይ ሆኖ እንደሚዞር፣ ነዳጁ ግን እስከ አራት ሰዓት ብቻ እንደሚያስጠብቀው፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለስ ነገራት። እሷም ደገመችለት። ዮኤል ሌላ የሚመጣ እንዳይኖር ስልኩን ያዘ። ዮኤል ሁሌም እንዲህ ሲሆን ስለ እግር ኳስ ያወራል፤ ዛሬ አላወራም።

ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ደመናው ተቀደደ። ዋርካዋ ወጣች፣ መጋዘኑ ወጣ። መነጽሩን ወደ በሩ አቅጣጫ ስታዞር አንዲት ባጃጅ ፍተሻው ሰልፍ ላይ ቆማ አየች። ከባጃጇ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ወረዱ፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የፋሂምን ትከሻ ይዘው። ከፊታቸው አሥር የሚሆን ሰው ተሰልፏል። አውሮፕላን ሲዘገይ የመንገደኞች ምዝገባ የሚዘጋው አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ መሆኑን ታውቃለች። መነጽሩን ወደ ሚናራው መለሰችው። ሚናራው ቀጥ ብሎ ታየ፤ ጨረቃው ሳይቀር።

እንግዲህ እዚህች ላይ ማንም አያያትም ነበር። ዮኤል ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ እየተነጋገረ ነው። መቅጃው የምትናገረውን እንጂ የምታየውን አይቀዳም። አምስት ደቂቃ «ገና ነው» ብትል ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅባት የለም፤ አብራሪውም ያመሰግናታል እንጂ አይጠይቃትም። ትምህርት ቤት ያቆዩዋት ሰው በግማሽ ዓይናቸው የሰልፉን ጭራ እየዳሰሱ ነው። ሩፈይዳ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነችው። ሚናራው ታይቷል፣ እይታው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፣ አለች። አብራሪው ደገመው፤ መውረድ ጀመረ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አራት ላይ ጎማው መሬት ነካ። ወደ በሩ ተመልሳ አላየችም።

ተራዋን ጨርሳ ስትወርድ የማማው ኃላፊ ወይዘሮ ፍሬሰላም ደረጃው ሥር ጠበቁዋት። ሐጂ መሄዳቸውን ከእሳቸው ነው የሰማችው፤ የሰማችበት መንገድ ግን ደስ አይልም። አንድ ወጣት፣ አባቱን አሳፍሮ ሲመለስ፣ አዳራሹ መሃል ለቆመው ሰው ሁሉ አውሮፕላኑን ለአባቱ ብላ ያቆየችው የአጎቱ ልጅ መሆኗን በኩራት ተናግሯል። ስሟን ከነአባቷ ጠርቷል። በመዘግየቱ የተናደደ አንድ መንገደኛ ይህንኑ ጽፎ፣ ፋሂምን ምስክር ብሎ፣ ፈርሞ አስገብቷል። ፋሂም ያመሰገናት መስሎት ከስሷታል። ወይዘሮ ፍሬሰላም ነገሩን ሲነግሩዋት ድምፃቸውን አላነሱም፤ የተቀዳውን ድምፅ ወስደው እንደሚያዳምጡት ተናገሩ።

«ምንድን ነው የምሰማው?» አሏት።

«ላም» አለች ሩፈይዳ።

ኃላፊዋ ሳቃቸው ሊፈነዳ ሲል ያዙት። አብረው አዳመጡት። የእሳት አደጋው ሰዎች ስለ ላሟ የጻፉትም አለ። ሁሉም በደቂቃው ይገጥማል። ወይዘሮ ፍሬሰላም እሳቸው እንደሚያምኗት፣ የወረቀት ክስ ግን የሚዘጋው በወረቀት እንደሆነ፣ ምስክር የተባለው ሰው መጥቶ የተናገረው ከራሱ የፈጠረው መሆኑን ጽፎ እስኪፈርም ድረስ ማይክሮፎን እንደማትይዝ ነገሯት። ሕጉ ልክ ነው። ሩፈይዳም በእሳቸው ቦታ ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ቤት ስትደርስ የሥጋው ሽታ ከግቢው በር ተቀበላት። አዳዳ ረይሃና፣ በዚህ ዋጋ አንድ ኪሎ ሥጋ ሲገዙ ሦስት ጊዜ የሚመለሱት ሴትዮ፣ ሁለት ኪሎ አስቆርጠው ሩዝ በሥጋ ሠርተዋል። ፋሂም መጅሊሱ ላይ ተንፈላስሶ «ኮማንደር መጣች» አለ። አዳዳ ግንባሯን ሳሟት፤ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ እያሉ ትከሻዋን ዳበሱ። አራት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ክብር በአንድ ቀን፣ ባላደረገችው ነገር፣ በትሪ ሆኖ መጣላት። እትዬ ብርሃንነሽም ገብተው ጥግ ይዘው ነበር። ሐሙስ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ይዛ እንደምትመጣ፣ ያን ዕለት አውሮፕላኑ ሲወርድ ቀስ እንዲል ትእዛዝ ትሰጥላቸው ዘንድ በትሕትና ጠየቁ።

ሩፈይዳ ሳትቀመጥ ነገረቻቸው። ላሟን ነገረቻቸው፤ ደመናውን ነገረቻቸው፤ ክሱን ነገረቻቸው። ነገ ጠዋት ፋሂም አብሯት ሄዶ መጻፍ እንዳለበት፣ ካልጻፈ ማማው ላይ እንደማትወጣ ነገረቻቸው። ፋሂም ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዛሬ ሱቁ ቻርጀር የሚገዛ ሳይሆን እንኳን ደስ ያለህ የሚል ሰው ሲጋፋበት መዋሉን፣ አሁን ውሸቴን ነው ብሎ ከፈረመ በዚያ ረድፍ የሚያምነው ደንበኛ እንደማይኖር ተናገረ። ደግሞስ አባቱ ደረሱ አይደል ወይ? ማን ተጎዳ?

አዳዳ ሩዙን ሲያነሱ ጭልፋው በእጃቸው ቀረ። «ለወንድሜ ብታቆዪውስ ምን ነውር አለው?» አሉ በቀስታ። «ደምሽ አይደለም?»

«አዳዳ፣ ላይ ሲዞሩ የነበሩት ስልሳ ስምንት ሰዎች የማንም ደም አይደሉም?»

እትዬ ብርሃንነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው መውጫውን አዩ፤ ግን አልወጡም፤ እንዲህ ያለ ነገር ተጀምሮ የሚወጣ ጎረቤት የለም። ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። የቤቱ ሰዎች ሰገዱ። ሥጋው ቀዘቀዘ። ያኔ ነው የፋሂም ስልክ የጮኸው። ሐጂ መሐሙድ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ከዘመድ ቤት። ፋሂም፣ ዳኛ እንደመጣለት ሁሉ፣ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ትሪው አጠገብ አስቀመጠው።

ሐጂ በደህና መድረሳቸውን፣ ሐኪሙ ማምሻውን አይቷቸው ነገ ኢንሻአላህ ቀኙን እንደሚሠራው፣ አንዴ የተጀመረለት ሰው ወረፋ ስለማይጠብቅ ግራውን ለጥር እንደሚቀጥራቸው ተናገሩ። ከዚያ ሩፈይዳ ትኑር አትኑር ጠየቁ። መኖሯን ሲሰሙ ዱዓቸውን ጀመሩ፦ አላህ ዕድሜሽን፣ አላህ ደረጃሽን፣ እንዳቆየሽልኝ አላህ ያቆይሽ። ፋሂም ዱዓው ከማለቁ በፊት በእጁ ምልክት ሰጣት፤ አሚን በይና ይብቃ። አሚን ማለት ቀላል ነበር።

«ሐጂ፣ እኔ አላቆየሁትም» አለች። «ያቆየው ላምና ደመና ነው። እርስዎን በር ላይ ሰልፉ ውስጥ አይቼዎታለሁ። ደመናው የተገለጠው ያኔ ነው። ሳልጠብቅዎት ታይቷል ብዬ ነገርኩት።»

ስልኩ ውስጥ የአዲስ አበባ መኪና ጥሩንባ ይሰማል። አዳዳ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«አይተሽኝ?»

«አይቼዎት።»

«ስንት ደቂቃ ነበረኝ?»

«ዘጠኝ።»

«ፋሂም ጎትቶኝ ነው የደረስኩት። ከኋላዬ በሩን ዘጉት።» «ስንነሳ» አሉ ሐጂ፣ «በመስኮት ብመለከት ነጭ ነው። ከዓይኔ ነው ብዬ አጠገቤ ያለውን ልጅ ብጠይቀው እሱም ነጭ ነው አለኝ። ደነገጥኩ። አስተናጋጇን ጠርቼ፣ ልጄ፣ እኔ ዕውር፣ እናንተ ዕውር፣ ማነው የሚያይልን? አልኳት። ታች ከማማው የሚነግሩን አሉ አለችኝ። ወላሂ ከዚያ በኋላ ነው ተደግፌ የተቀመጥኩት።» ሳል ያዛቸው። «ለእኔ ብለሽ ያላየሽውን ብትናገሪ፣ ነገ ለሌላ ሰው ብለሽ እኔ ላይ ትናገሪያለሽ። ፋሂም።»

«አቤት አባዬ።»

«ነገ ሄደህ ትጽፋለህ። ሱቁን ከሰዓት ትከፍተዋለህ።»

ቶሌ፣ እሺ፣ አለ ፋሂም፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። እትዬ ብርሃንነሽ ቴሌቪዥኑ በመኪና ይምጣ ይሆን ብለው ለራሳቸው አጉተመተሙ።

«ሩፈይዳ» አሉ ሐጂ። «የጥር ቀጠሮዬ ስሄድ ተረኛ አንቺ ነሽ?»

«ሳልሆን አልቀርም፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው ከዋዜማው መጥቼ እናንተ ዘንድ አድራለሁ።»